የማዳም ካርድ

ጉዳዩ በጠቅላላው አንድ ፕሪንተርና አንድ ጓደኛ አስከፍሎኛል። ፕሪንተሩን ከነቀለሙ በግማሽ ዋጋ ሸጬዋለሁ፤ ስገዛውም አሮጌ ስለነበር እሱን ኪሳራ አልለውም። ጓደኛ የሚተካበት ገበያ ግን እስካሁን አላገኘሁም። ትልቁን ሂሳብ የከፈልኩት ደግሞ እኔ አይደለሁም፤ አንዲት ልጅ ናት። በዚህ ሁሉ መሀል ያተረፍኩት ያንድ ፓኮ ወረቀት ዋጋ ነው።

ያኔ የምኖረው ጅዳ፣ ጉለይል ውስጥ፣ ግድግዳው ጨው እየተፋ የሚላላጥ አሮጌ ፎቅ ላይ ነበር። ዘመኑ የቤት ሠራተኛ ዘመን ነው። ከአገር ቤት የሚመጣው አውሮፕላን ሁሉ ጥቁር አባያ የለበሱ ልጆች ያራግፋል። ልጆች ባሉበት ሽሮ፣ በርበሬ፣ የስልክ ካርድና የሐበሻ ቀሚስ ይፈለጋል፤ የሚፈለግ ነገር ባለበት ደግሞ እኔ አለሁ። በሳምንት አንድ ቀን መካ እወጣለሁ። ሚስፈላ በሚባለው ሰፈር ለሱቆች የሻንጣ ማሰሪያ ገመድና ነጠላ ጫማ አስረክባለሁ። ነጠላ ጫማ ጥሩ ንግድ ነው። በሐረም፣ በታላቁ መስጊድ ደጅ ላይ ጫማው የጠፋበት ሰው በዋጋ አይከራከርም፤ የጋለው መሬት ስለ ሻጩ ይከራከራል።

አብሮኝ የሚኖረው ጎጃሜ ነበር። በልጅነቱ የቤተ ክህነት ጽሕፈት ተምሮ ዲቁና የተቀበለ ሰው ነው። ጅዳ ላይ ሐሪስ ሆነ። ሐሪስ ማለት የሕንፃ በር የሚጠብቅ፣ ደረጃ የሚጠርግ፣ የተከራዩን መኪና የሚያጥብ፣ አሳንሰር ሲበላሽ ደግሞ የሚሰደብ ሰው ነው። እኔ ዲያቆን እለዋለሁ። እሱ መካ ስለምመላለስ ሀጂ ይለኛል፤ ሐጅ እንዳላደረግሁ እያወቀ።

«ሀጂ፣ ዛሬ የምትወጣው ለሶላት ነው ለጫማ?»

«ለሁለቱም። የመኪናው ሂሳብ አንድ ነው።»

«አንተ እኮ አንድ ከፍለህ ሁለት ሳትወስድ አትመለስም» ይለኝና ይስቃል። ያኔ ሙገሳ መስሎ ይሰማኝ ነበር።

የሠርግ ካርድ ሥራ የጀመርነው በንቀት ነው። አንዲት ደንበኛዬ በመሀል ከተማ ማተሚያ ቤት ያሠራችውን የጓደኛዋን ካርድ አሳየችን። አማርኛው ከኮምፒውተር የወጣ፣ ቀጭን፣ ደም የሌለው ፊደል ነበር። ዲያቆኑ አገላብጦ አየውና «ይሄ የሠርግ ነው የፋርማሲ?» አለ። ከዚያ የሽሮ ካርቶን ጀርባ ላይ በመቃ ብዕር ያንኑ ቃል ጻፈው። ልጅቷ ካርቶኑን ይዛ ሄደች። ሰው ካርቶን ይዞ ከሄደ ወረቀት ቢሆንማ ይከፍላል አልኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት ፔትሮሚን ሰፈር፣ ከአንድ የአሮጌ ዕቃ መጋዘን፣ የሚያነብም የሚያትምም ፕሪንተር ገዛሁ። ሥራው እንዲህ ነው። ዲያቆኑ የጥሪውን ቃል አንድ ጊዜ ትልቅ አድርጎ በእጁ ይጽፋል። ማሽኑ ያነበዋል፣ አሳንሶ በወፍራም ወረቀት ላይ ያትመዋል። የተጠሪውን ስም ግን ሁልጊዜ በብዕር ነው የምንጨምረው፤ ሰው ስሙን በእጅ ተጽፎ ሲያየው ስጦታውን ያከብዳል። በሌላው ፊት ዐረብኛ አለ፤ ያ የኔ ነው። ወሎ፣ ቁርአን ቤት፣ ከእንጨት ሉህ ላይ የቀሰምኩት ጽሕፈት ነው። ትምህርቱ ብዙ አልቆየልኝም፣ እጁ ግን ቀረልኝ። የቢስሚላሁን መስመር ቀለሙ ሳይደርቅ ወርቃማ ዱቄት እነሰንስበትና ከሥሩ በካውያ አሞቀዋለሁ፤ ዱቄቱ ቀልጦ ከወረቀቱ ብድግ ይላል። ያ መስመር ብድግ ሲል እኔም አብሬ ብድግ እል ነበር። ማንም አመስግኖኝ የማያውቅ ሰው ነኝና ለዚያ መስመር ስል ዐረብኛውን ላልጠየቀኝም ሁሉ እጨምርለት ነበር።

ዐረብኛው ለጉራ ብቻ እንዳልሆነ ግን ቶሎ ገባን። የጉለይል ሠርግ ሁለት ፊት ለፊት ያሉ ቤቶች በራቸው ተከፍቶ፣ በአንዱ ሴት በአንዱ ወንድ ሆኖ የሚደረግ ነው። ተጠሪዎቹ በወር አንዴ ሁለቴ የሚለቀቁ ሠራተኞች ናቸው። ልጅቷ ለማዳሟ ዐረብኛውን ፊት ታሳያለች፤ «የጓደኛዬ ሠርግ ነው፣ ይኸው» ትላለች፤ ፈቃዷን ይዛ ካርዱን መልሳ ቦርሳዋ ትከታለች። ካርዳችን የመውጫ ወረቀት ሆነ። ደንበኛ በረከተልን።

አንድ ዓርብ ሙሽራና ሙሽሪት አብረው መጡ። እሱ ፔትሮሚን ጋራዥ ውስጥ በያጅ ነው። ከአፉ የሰማሁት ቃል «ስንት ነው?» የሚለው ብቻ ነበርና ወደድኩት። የምትናገረው እሷ ናት፤ ክብ ፊት፣ ፈጣን ዓይን ያላት፣ እየተናገረች ጠረጴዛችንን የምታስተካክል ልጅ።

«ጋሼ፣ በዐረብኛው የፓስፖርት ስሜን ነው የምትጽፈው።»

«አውቃለሁ። በአማርኛውስ?»

«እናቴ ያወጣችልኝን።»

ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። በዚያን ጊዜ ብዙ የክርስቲያን ልጅ በደላላ እጅ የእስላም ስም አውጥታ መጥታለች፤ ቪዛው ይፈጥናል እየተባለ። የዚህችም ደላላ ስሟን፣ ሃይማኖቷንና ዕድሜዋን ባንድ ጠዋት ቀይሮ ላካት። የአሠሪዎቿ ቤት እስላም ናት ብሎ ተቀበላት። በየረመዳኑ ቤተሰቡ መካ፣ ሚስፈላ፣ የባልየው እናት ቤት ሲከርም ይዘዋት ይወጡ ነበር። እኔ ጫማዬን ተሸክሜ በምዞርበት ሰፈር እሷ ለጾመኛ ማፍጠሪያ ታቀርባለች፤ መካ ደግሞ እስላም ያልሆነ የማይገባባት ከተማ ናት።

«አንድ ነገር» አለች። «የማዳም ካርድ ለብቻው ይሁንልኝ። ጀርባው ባዶ። ሌሎቹ አሳይተው ይመልሱታል፤ የኔዋ ግን የሙሽሪት ማዳም ናት፣ ወስዳ ታስቀምጠዋለች።»

«ኻላስ፣ አለቀ፤ ለብቻው ይሆናል።»

«ጋሼ አደራ! ማዳም ደስ ካላት ካገባሁም በኋላ ጉለይል እያደርኩ እንድሠራ እሺ ብላለች። ደስ ካላላት ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በነሱ እጅ ነው። ኢቃማዬ ከጠፋ...» አለችና በያጁን አየችው። እሱ ጫማውን አየ።

«ገብቶኛል» አልኳት።

ገብቶኝም ነበር። አልገባኝም ነበር ብል ዛሬ ትንሽ ይቀለኝ ነበር።

ዲያቆኑ በሚቀጥለው ዓርብ ከቀትር በፊት ጻፈው። ኤሲው ከነሙሉ ጩኸቱ እየሠራ፣ እሱ ወለሉ ላይ ተቀምጦ፣ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ በተጋደመ ጣውላ ላይ አድርጎ። ከላይ፣ ከሁሉ በፊት፣ በቀይ ቀለም መስቀል አስቀመጠ። ምስር የምታክል ናት፤ ግን አራቱም ጫፎቿ አብበዋል። ቀጥሎ የሁለቱን ስም በቀይ፣ ቀሪውን በጥቁር።

«ዲያቆን፣ መስቀሏን ብትተዋትስ?» አልኩት። ነጋዴ ነኝ፤ አደጋ ይሸተኛል።

«ያለ መስቀል ጽሕፈት ጀምሬ አላውቅም።»

«ይሄ ካርድ እንጂ ድርሳን አይደለም።»

«አንተ ቢስሚላህህን ተወዋ!»

ብዕሩን ነከረና «የማዳሟ ለብቻው ነው አይደል?» አለኝ።

«ለብቻው ነው።»

«እንግዲያው ምን አስጨነቀህ?»

የጅዳ አየር ወፍራም ወረቀት አይወድም። ከባሕሩ በሚነሳው እርጥበት ይጠቀለላል፣ ፕሪንተሩ ያኝከዋል። አስቀድሜ ከሩዝ ጆንያ ሥር አስተኝቼ ነው የማቀናው። ያን ጊዜ የገዛሁት ፓኮ በልኩ ነበር፤ ትርፍ የቆጠርኩት ለሚታኘከው ነው። ማሽኑ ከልማዱ በላይ አኘከ። ሁሉንም አትሜ ስጨርስ፣ ለማዳሟ ካርድ የሚሆን ንጹሕ ወረቀት አንድም አልቀረኝም።

ዲያቆኑ ሕንፃው ጋ ተረኛ ነበር። ወረቀቱ የሚሸጠው በፓኮ ነው፤ በፍሬ አይሸጥም። ለአንድ ካርድ ሙሉ ፓኮ መግዛት ደግሞ እኔ ባደግሁበት መንገድ በሽታ ነው። ከታተሙት አንዱን ካርድ በእጄ አገላበጥኩት። በዚህ ፊት የኔ ወርቅ አለ፣ በዚያ ፊት የዲያቆኑ ቀይ። የፓኮው መጠቅለያ ከውስጡ ንጹሕ ነጭ ነው። በልኩ ቆረጥኩት፤ በአማርኛው ላይ ኮላ ቀባሁ፤ ለጠፍኩት፤ በማንኪያ ጀርባ ዳመጥኩት። ወደ መስኮቱ አንስቼ አየሁ፤ ምንም አያሳልፍም። በእጄ ሥራ ኮራሁ እንዲያውም።

ልጅቷ ለመውሰድ ስትመጣ ዐረብኛውን አይታ አፏን በእጇ ያዘች።

«ጋሼ! ይሄ የኔ ነው?»

«የማን መሰለሽ?»

ዳሰሰችው። «የማዳም ወፈር አለ።»

«የማዳም ነዋ፣ ከሰው እኩል ይሁን እንዴ?»

ሳቀች። ሙሉውን ከፍላ፣ ሌሎቹን የተጠሪ ስም እስኪጻፍባቸው እኛ ጋ ትታ፣ ጠረጴዛችንን እንደገና አስተካክላ፣ የማዳምን ብቻ ይዛ ሄደች።

ከዚያ በኋላ በመጣው ሐሙስ ሚስፈላ ነበርኩ፤ የገመድ ጥቅል እያስረከብኩ። ስልኬ ጠራ። እሷ ናት፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሏል፣ ከኋላዋ ሳህን ይንኳኳል።

«ጋሼ፣ ኹሩጅ ሊመቱብኝ ነው። ነገ ያሳፍሩኛል።»

የመጨረሻ መውጫ ማለቷ ነው፤ የማይመለሱበት። የገመዱን ጥቅል አስቀመጥኩት።

የሆነው ይሄ ነው። ማዳሟ ካርዱን እጅግ ወደደችው። በዐረቡ አገር የእጅ ጽሕፈት ያለ መጠን ይከበራል፤ ኸጥ ይሉታል። «የኔ ሠራተኛ ካርድ እንዲህ ያለ ኸጥ ነው ያለው» ብላ ለባሏ እናት ልታሳይ፣ ሾፌሯ እየነዳ፣ በመኪና ይዛው ወጣች። ካርዱን ያስቀመጠችው ከመሪው ፊት፣ መስተዋቱ ሥር ነው። ከጅዳ መካ ድረስ ፀሐይ መታው። አማቷ ቤት ሲደርሱ ካርዱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ሴቶቹ ቢስሚላሁን በጣታቸው እየዳበሱ አደነቁ። የባልየው እናት ለማየት ወደ ዓይናቸው ሲያስጠጉት ከኋላው የተነሳው ወረቀት ተላጦ በእጃቸው ላይ ተንጠለጠለ። ገለበጡት።

«የማዳም አማት አማርኛ አያነቡም ጋሼ። ግን ያቺን ምልክት ማን ያጣታል?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩት።

«ማዳም ኩሽና ድረስ መጣችና ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? ‹እኔ ከመጀመሪያው ረመዳን ጀምሮ አውቅ ነበር› አለች። ‹ስትሰግጂ የምትጎነበሺው እኔን እያየሽ ነው፤ ለሶላት ስትታጠቢም መጨረሻ ከሚታጠበው ከእግርሽ ትጀምሪያለሽ። ሥራሽ ይበቃኝ ነበር፣ ሃይማኖትሽን አልጠየቅሁሽም። አሁን ግን የባሌ እናት አዩ። መካ ድረስ ያመጣሁሽ እኔ ነኝ፤ ምን ብዬ ልቁም?› አለችኝ።» አፍንጫዋን ሳብ አደረገች። «እግርሽን መጀመሪያ ታጥቢያለሽ እያለች ሁልጊዜ ትስቅብኝ ነበር እኮ! ቀልድ ይመስለኝ ነበር። ደሞዜን ሳታጎድል ሰጥታኛለች። ሻንጣም ገዛችልኝ።»

ሻንጣው የት እንደተገዛ፣ በምን ገመድ እንደሚታሰር ነበር በዚያች ደቂቃ በሐሳቤ የመጣው። ሰው ሲደነግጥ የሚያውቀውን ነገር ይይዛል።

«ግን ጋሼ» አለች፤ ድምፅዋ ተለወጠ፤ «ጀርባው ላይ አማርኛው እንዴት መጣ?»

የሚስፈላ መስመር በጣም ጥሩ ነው፤ በዓለም ያለ ሐጃጅ ሁሉ ወደ ቤቱ የሚደውልበት ሰፈር ነው። «ሀሎ? ሀሎ?» አልኩ። «መስመሩ ይቆራረጣል፣ አይሰማኝም።» ዘጋሁት። ሁለተኛ ደወለች። ስልኩ በእጄ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ ቆሜ አየሁት። ሦስተኛ አልደወለችም።

ባለሱቁ «ገመዱ ጎድሏል?» አለኝ። «አልጎደለም» አልኩት።

በማግስቱ፣ ከዓርብ ምሳ በኋላ፣ በያጁ ቤታችን መጣ። የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ነው፤ የብረት ጠረን ይዞ ገባ። ከአውሮፕላን ማረፊያ ነው የመጣው። ኬላው ድረስ አላስጠጉትም፤ ከመኪና ስትወርድ ከሩቅ ነው ያያት። የማዳሟ ሾፌር ግን የአገራችን ሰው ስለነበር አንድ ነገር አቀብሎታል። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። የማዳም ካርድ ነው። ነጩ ወረቀት በአንድ ጫፉ ብቻ ተይዞ እንደ ተላጠ ቆዳ ተንጠልጥሏል፣ ከሥሩ የዲያቆኑ መስቀል እንደነበረች አለች። ሙቀት እንኳ ቀይዋን አላደበዘዛትም።

ዲያቆኑ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ካርዱን አነሳው። የተንጠለጠለውን ወረቀት ዳሰሰ፤ ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ኮላውን አሸተተ፤ ኮላ በነበረው ፊት ላይ የቀረውን የፓኮውን ማኅተም ጫፍ አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። ረጅም ጊዜ አልነበረም።

በያጁ ወደ ሁለታችንም ሳይሆን ወደ ካርዱ እያየ ጠየቀ፦ «ይሄ ምንድን ነው የሆነው?»

አፌን ከፈትኩ። ወላሂ ልናገር ነበር፤ ግን የነጋዴ አፍ ለእውነት ሲሆን ይዘገያል። ዲያቆኑ ቀደመኝ።

«ሙቀት ነው ወንድሜ» አለው። «ሙቀት ነው የላጠው።»

ውሸት አልነበረም።

ገንዘቡን አውጥቼ ልመልስለት አልኩ። በያጁ እጁን አወዛወዘ። «ካርዱንማ ሠርታችኋል» አለ። የታተሙትንም አልወሰደም፤ «ምን አደርጋቸዋለሁ?» አለ። እስከ ደረጃው ሸኘሁት። አስፋልቱን ተሻግሮ ወደ ፔትሮሚን የሚሄደውን አውቶቡስ ሲጠብቅ ከመስኮት አየሁት። ቀጥ ብሎ ነው የቆመው፤ የሠርጉ ዕለት እንዲቆም ተስፋ ባደረግሁለት አቋቋም።

ዘወር ስል ዲያቆኑ ብዕሮቹን በጨርቅ እየጠቀለለ ነው።

«ዲያቆን» አልኩት።

«ለብቻው ነው ብለኸኝ ነበር።»

«ወረቀት አልቆብኝ...»

«ፓኮው ስንት ነበር?»

ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ ዋጋው ውድ ነው ርካሽ ነው የሚል አልነበረም አነቃነቁ።

«አንድ ከፍለህ ሁለት ወሰድክ» አለ፤ በዚያው በሚቀልድበት ድምፅ፣ ቀልዱ ብቻ ሳይኖርበት። «እኔ እኮ ያቺን መስቀል የሳልኳት ቃልህን አምኜ ነው። አሁን ልጅቷን ያባረራት የኔ እጅ ነው የሚመስለኝ። ብጽፍ ያንተ ኮላ ነው የሚሸተኝ።»

ልብሱ ብዙ አልነበረም። በሩን የሚጠብቅበት ሕንፃ ምድር ቤት፣ ከውኃው ፓምፕ አጠገብ ለሐሪስ የሚሰጥ ክፍል ነበረች፤ ፓምፑ ስለሚጮህ ሸሽቷት ነበር እኔ ጋ የገባው። ወደዚያው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም ይለኛል፤ ጤናዬን ይጠይቃል። ሀጂ ብሎ ግን ጠርቶኝ አያውቅም፤ በስሜ ይጠራኛል።

እኔም ብቻዬን ልቀጥል ሞከርኩ። ዐረብኛዬን በአንድ ፊት ጻፍኩ፣ በሌላው ፊት የሚጻፍ አጣሁ። በኮምፒውተር ፊደል አንድ ሁለት ካርድ አወጣሁ፤ እውነትም የፋርማሲ ይመስላል። አንዲት ደንበኛ «ያ የሚጽፈው ሰውዬ የት ሄደ?» ስትለኝ አገር ቤት ገባ አልኳት። እሱ ግን ከቤቴ ሁለት መታጠፊያ አልፎ የሰው መኪና ያጥብ ነበር።

ልጅቷ ደግማ አልደወለችም። ቁጥሯን ከአገር ልጆች አግኝቼ ነበር፤ ብዙ ጊዜ የስልክ ካርድ ፍቄ ቁጥሩን እስከ መጨረሻው ሳልመታ ትቼዋለሁ። የስልክ ካርድ የምሸጥ ሰው ነኝ፤ ካርድ ጠፋብኝ ልል አልችልም። በያጁ መጀመሪያ ላይ በየሳምንቱ ይደውልላት እንደነበር ካርዱን ከኔ ሲገዛ አውቃለሁ። ኋላ በየወሩ ሆነ። ኋላ ካርድ መግዛት ተወ። ከአንድ ዓመት በኋላ የሷ አገር ልጅ ነገረችኝ፤ ደላላ አግኝታ፣ በሌላ ፓስፖርት፣ ቤይሩት ገብታለች። በምን ስም እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ያልተወሰዱት ካርዶች አሁንም ካርቶን ውስጥ አሉ። ጅዳን ስለቅ ይዣቸው መጣሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ይሸጣሉ ብዬ አይደለም። አንዳንዴ አንዱን አወጣና አየዋለሁ። በዚህ በኩል ወርቁ አልረገፈም፣ በዚያ በኩል ቀዩ አልደበዘዘም። ጥሩ ሥራ ነበር።

ሂሳቡ ሲዘጋ ይሄ ነው። የታተመው ካርድ ሰማንያ፣ የተመለሰው አንድ። የተቀበልኩት ገንዘብ ለቤት ኪራይ ዋለ። ሠርጉ አልተደረገም።